ሁለት ቀን በቬኒስ፤ በውኃ ላይ የቆመች ከተማ



አንድ ገበሬ ከቤቱ ተነሥቶ ሲሄድ ምክንያት አለው። ገበያ ይወጣል፤ ለቅሶ ይደርሳል፤ ዘመድ ይጠይቃል፤ ወይም ንግሥ ይሳለማል። የሚሸጥ ነገር ሳይዝ፣ የሚጠይቀው ዘመድ ሳይኖረው፣ የድሮ ሰዎች የሠሩትን ቤትና ድልድይ ለማየት ብቻ አገር የሚያቋርጥ ሰው ቢያጋጥመን፣ «ይሄ ሰው ምን ነካው?» እንላለን።

በአውሮፓ ግን እንዲህ ያለው ጉዞ የተለመደ ነው። አብዛኛው ሠራተኛ በሳምንት አምስት ቀን ሠርቶ ቅዳሜና እሑድ ያርፋል። በነዚህ ሁለት ቀኖች ብዙ ሰው በባቡር ወይም በአውሮፕላን ወደ ሌላ ከተማ ይሄድና የጥንት ሥራዎችን አይቶ ይመለሳል። ይህ ጉብኝት ይባላል። የሚሄደውም ሰው ጎብኚ ይባላል።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ማንበብ የቻለ ሰው ግን ያላየውንም አገር ማወቅ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ እኛም በንባብ ጎብኚዎች እንሆናለን። የምንሄደው ቬኒስ ወደምትባል ከተማ ነው። ስንሄድም አንድ ጥያቄ በልባችን ይዘን እንሂድ። አንድን ከተማ ከተማ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ሕንፃው ነው? ገንዘቡ ነው? ወይስ የሚኖርበት ሰው?

በዚህ ትምህርት ውስጥ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ቬኒስ የት ናት?

ቬኒስ በኢጣሊያ አገር፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በአድርያቲክ ባሕር ዳር ትገኛለች። በባሕሩ ዳርና በየብሱ መካከል ጥልቀት የሌለው ሰፊ የጨው ውኃ ተኝቷል። ይህን ውኃ ላጉና ይሉታል። ላጉናውን ከትልቁ ባሕር የሚለዩት ቀጫጭን የአሸዋ መሬቶች ናቸው። በአሸዋዎቹ መካከል ሦስት በሮች አሉ። የባሕሩ ውኃ በነዚህ ሦስት በሮች ይገባል፤ ይወጣል።

ቬኒስ የቆመችው በዚህ ላጉና መካከል፣ 118 በሚሆኑ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ነው። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት ነው። በደሴቶቹ መካከል ውኃው እንደ መስኖ ቦይ እየተጠማዘዘ ያልፋል። ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ድልድዮች ከ400 በላይ ናቸው።

ሰዎች ደልዳላውን ምድር ትተው በውኃ መካከል የሰፈሩት ለምን ይመስላችኋል? ለምቾት አይደለም። ከ1,400 ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በአካባቢው ጦርነት በዝቶ ነበር። ወራሪዎች በፈረስ እየመጡ ከተሞችን ይዘርፉ ነበር። ሰዎቹ የፈረስ እግር ወደማይደርስበት ወደ ላጉናው ሸሹ። እዚያም ዓሣ እያጠመዱ፣ ጨው እያመረቱ መኖር ጀመሩ። መሸሸጊያ የነበረው ቦታ ቀስ በቀስ ትልቅ የንግድ ከተማ ሆነ።

2. ቅዳሜ፤ መንገዱ ውኃ ነው

ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ደረስን እንበል። ባቡሩ በ1846 በተከፈተ ረዥም ድልድይ ላጉናውን ያቋርጣል። ለመኪና የሚሆነው ድልድይ የተከፈተው በ1933 ነው። ይሁን እንጂ መኪና ከከተማዋ አፋፍ ላይ ይቆማል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

ከባቡር ጣቢያው ስንወጣ ፊት ለፊታችን የምናገኘው ጎዳና ሳይሆን ውኃ ነው። ይህም ታላቁ ቦይ ይባላል። ርዝመቱ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከተማዋንም እንደ እባብ እየተጣመመ ለሁለት ይከፍላታል። በቬኒስ የፈረስ ጋሪ የለም፤ የጭነት መኪና የለም፤ አህያም የለም። ሁሉንም ሥራ የሚሠራው ጀልባ ነው። ጎመኑና ዓሣው ወደ ገበያ የሚመጣው በጀልባ ነው። ቆሻሻ በጀልባ ይጫናል። በሽተኛ በጀልባ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ሰው ሲሞትም አስከሬኑ የሚሄደው በጀልባ ነው፤ መቃብሩ ራሱ በአንድ ደሴት ላይ ነውና።

ጎንዶላ የሚባል ረዥምና ቀጭን ጥቁር ጀልባም አለ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ በአንድ መቅዘፊያ ይነዳዋል። ድሮ የባለጠጎች መጓጓዣ ነበር። ዛሬ የጎብኚዎች መዝናኛ ነው። በ2023 መጨረሻ ላይ ከተማዋ የወሰነችው ዋጋ ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ ነበር። ዩሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች ገንዘብ ነው። ነዋሪው ግን ወደ ሥራው ሲሄድ በጎንዶላ አይሄድም። እንደ አውቶቡስ ብዙ ሰው በሚጭን ጀልባ ይሳፈራል፤ አለዚያም በእግሩ ይሄዳል።

በታላቁ ቦይ ላይ ከ1588 እስከ 1591 የተሠራው የሪያልቶ ድልድይ አለ። ድንጋዩ አንድ ቅስት ሆኖ ቦዩን ይሻገራል። በድልድዩ ላይ ሱቆች ተሠርተውበታል፤ በአጠገቡም የዓሣና የአትክልት ገበያ አለ።

3. ቤቱ በምን ላይ ቆመ?

የቬኒስ መሬት ጭቃ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ድንጋይ እንዴት ተሸከመው?

የጥንት ሠራተኞች ዘዴ ፈጠሩ። ከጫካ ጠንካራ እንጨት እየቆረጡ በወንዝ አወረዱ። እንጨቱን እንደ ችካል አሹለው፣ አንዱን ካንዱ አቀራርበው፣ ወደ ጭቃው ውስጥ ቀጥ አድርገው መቱት። በችካሎቹ ራስ ላይ ሳንቃ አነጠፉ። በሳንቃው ላይ ውኃ የማያስገባ ጠንካራ ድንጋይ ደረደሩ። የጡብ ግድግዳውን ያቆሙት ከዚያ በላይ ነው።

«እንጨት በጭቃ ውስጥ አይበሰብስም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው የገበሬ ጥያቄ ነው። መልሱንም ገበሬ ያውቀዋል። የአጥራችን ግንድ የሚበሰብሰው የት ላይ ነው? ቶሎ የሚበላው ከአፈሩ አፍ ላይ፣ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቦታ ነው። እንጨትን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አብዛኞቹ አየር ይፈልጋሉ። የቬኒስ ችካሎች ግን ሙሉ በሙሉ በጭቃና በውኃ ውስጥ ስለ ተቀበሩ አየር አያገኛቸውም። ስለዚህ ብዙዎቹ ለብዙ መቶ ዓመታት ሕንፃ ተሸክመው ኖረዋል።

4. በባሕር መካከል የሚጠጣ ውኃ

ሰው በውኃ ተከቦ በጥም ሊሞት ይችላል። የባሕር ውኃ ጨው ነውና አይጠጣም። ቬኒሶች ምን ጠጡ? የዝናብ ውኃ ጠጡ።

በየሠፈሩ ባለው አደባባይ ሥር ሰፊ ጉድጓድ ቆፈሩ። የባሕሩ ውኃ እንዳይገባ ዙሪያውን በሸክላ ጭቃ ለበጡት። በመካከሉ ከጡብ የተሠራ ቀጥ ያለ የውኃ ጉድጓድ አቆሙ፤ ዙሪያውን በአሸዋ ሞሉት። አደባባዩን በድንጋይ ካነጠፉ በኋላ ዝናቡ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ተዉለት። ዝናቡ በቀዳዳዎቹ ይወርዳል፤ በአሸዋው ውስጥ ሲያልፍ ይጣራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ መካከለኛው ጉድጓድ ይሰበሰባል። ሴቶች በገመድ ይቀዱ ነበር።

ጉድጓዱ ክዳን ነበረው፤ ክዳኑም ይቆለፍ ነበር። ቁልፉን የሚይዘው የሠፈሩ ኃላፊ በተወሰነ ሰዓት ይከፍተዋል። ማንም እንዳያባክን፣ ማንም እንዳያቆሽሽ ይጠበቅ ነበር። ይህ እስከ 1884 ድረስ ቆየ። በዚያ ዓመት ንጹሕ ውኃ ከየብስ በቧንቧ መጣ። የጉድጓዶቹ አፍ በተጠረበ ድንጋይ ያጌጠ ስለሆነ ጎብኚ ዛሬም ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል። ለጎብኚው ጌጥ ነው፤ ለዚያ ዘመን ሰው ግን ሕይወት ነበር።

ቬኒሶች ወንዝንም አልተዉም። ወደ ላጉናው የሚፈሱት ወንዞች ደለል እያመጡ ውኃውን ሊሞሉት ሆነ። ስለዚህ ለብዙ ዘመን እየቆፈሩ ትልልቆቹን ወንዞች ወደ ባሕሩ አዞሯቸው። በ1501 የውኃን ጉዳይ ብቻ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አቆሙ። እንግዲህ ከተማዋን ያኖራት አንድ ጊዜ መሥራቱ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ መጠበቁ ነው።

5. እሑድ፤ የማርቆስ አደባባይ

እሑድ ወደ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ እንሂድ። በዚያ አምስት ጉልላት ያለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። በታሪክ እንደሚነገረው በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች የወንጌላዊው ማርቆስን አፅም ከእስክንድርያ በድብቅ አምጥተው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው ለዚህ ነው። በ1968 ከአፅሙ ጥቂቱ ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ።

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አናት ላይ አራት የመዳብ ፈረሶች ይታያሉ። ከ1204 ጦርነት በኋላ ከቁስጥንጥንያ ተዘርፈው የመጡ ናቸው። በ1797 ናፖሊዮን ከቬኒስ ዘርፎ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። በ1815 ተመለሱ። ዛሬ በውጭ የሚታዩት ምስለኞቻቸው ናቸው፤ ዋናዎቹ በውስጥ ተቀምጠዋል። የዘረፈ ተዘረፈ ማለት ይህ ነው።

በአጠገቡ የዶጁ ቤተ መንግሥት አለ። ዶጅ የቬኒስ ገዥ ማዕረግ ነው። ቬኒስ ንጉሥ አልነበራትም፤ ዶጁ ይመረጥ ነበር። መራጮቹ ግን የመኳንንትና የባለጠጋ ነጋዴዎች ቤተ ሰቦች ብቻ ነበሩ። ችካል የመታው፣ መርከብ የሠራው፣ መቅዘፊያ የያዘው ሰው ድምፅ አልነበረውም። ይህ መንግሥት ብዙ መቶ ዓመት ከኖረ በኋላ በ1797 ወደቀ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ወደ 99 ሜትር የሚረዝም የደወል ግንብ ይታያል። በ1902 ይህ ግንብ ባንድ ጠዋት ፈርሶ ወደቀ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። የከተማዋ ሰዎች በቀድሞው ቦታ፣ በቀድሞው መልክ እንደ ገና ሠርተው በ1912 ጨረሱት።

ቬኒስ ከአገራችን ጋርም የቆየ ትውውቅ አላት። በ1402፣ በዓፄ ዳዊት ዘመን፣ ከኢትዮጵያ የተላኩ መልእክተኞች ነብሮች ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል። በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ ታላቅ የዓለም ካርታ ሲሠራ ስለ ኢትዮጵያ ከኢትዮጵያውያን ካህናት ጠይቆ ጻፈ። አባይና አዋሽ በዚያ ካርታ ላይ አሉ። ካርታው ዛሬም በዚሁ አደባባይ አጠገብ በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ይታያል። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለብዙ ዓመታት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥል ኖሯል።

6. ውኃው ሲነሣ

የማርቆስ አደባባይ የከተማዋ ዝቅተኛ ቦታ ነው። ባሕሩ በየቀኑ ከፍና ዝቅ ይላል። በበልግና በክረምታቸው ነፋስ ሲገፋው ደግሞ ከልኩ ያልፋል። በኅዳር ወር 1966 ውኃው ከተለመደው የባሕር ልክ 194 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ። ቤቶችና ሱቆች ተጥለቀለቁ። በኅዳር 2019 ደግሞ ወደ 187 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደረሰ።

ችግሩ የባሕሩ ብቻ አልነበረም። ከ1950 ገደማ ጀምሮ በየብስ በኩል ያሉት ፋብሪካዎች ከመሬት ውስጥ ብዙ ውኃ ይስቡ ነበር። ከሥሩ ውኃው ሲወጣ መሬቱ ሰመጠ። ነገሩ ሲታወቅ፣ በ1970ዎቹ፣ መሳቡ ቆመ፤ የመሬቱም መስመጥ ቀነሰ። በሌላ በኩል የዓለም ሙቀት እየጨመረ ስለሆነ ባሕሩ ራሱ ከፍ ብሏል። ሁለቱ ሲደመሩ ቬኒስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከባሕሩ ልክ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብላለች። ይህም አንድ ስንዝር ነው። ስንዝር ትንሽ ነው አትበሉ። በደጃፍህ ላይ ባሕር ተኝቶ ከሆነ ስንዝር ብዙ ነው።

መፍትሔ ሆኖ የተሠራው በሦስቱ የላጉና በሮች ላይ የብረት መዝጊያ ነው። መዝጊያዎቹ 78 ናቸው። አሠራሩን በቅል መረዳት ይቻላል። ቅል ውኃ ከሞላ ይሰምጣል፤ ባዶ ከሆነ ይንሳፈፋል። መዝጊያዎቹም ውስጣቸው ክፍት ነው። በደኅናው ቀን ውኃ ሞልቶባቸው ከሥር ይተኛሉ። ባሕሩ ሲነሣ አየር ይነፋባቸዋል፤ ውኃው ከውስጣቸው ይወጣል፤ እነሱም ወደ ላይ ተነሥተው ግድግዳ ይሆናሉ። ለዚህ ሥራ ከአምስት ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቷል። ሥራው ብዙ ዓመት ዘገየ፤ በ2014 በጉቦ ተጠርጥረው ብዙ ሰዎች ተያዙ። ሆኖም በጥቅምት 2020 መዝጊያዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥተው ከተማዋን ከሙላት አዳኑ።

7. እንግዳው በዝቶ ባለቤቱ ሲያንስ

እስካሁን ያየነው ቬኒስ ከባሕር ጋር ያደረገችውን ትግል ነው። ዛሬ የሚያስጨንቃት ሌላ ሙላት አለ። እሱም የሰው ሙላት ነው።

በዓመት ወደ ቬኒስ የሚመጣው ጎብኚ ከ20 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በበጋው ቅዳሜና እሑድ ጠባቦቹ መንገዶች ትከሻ ለትከሻ ይጨናነቃሉ። ብዙው ሰው ጠዋት መጥቶ ማታ ይመለሳል። ጥቂት ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ውኃ ገዝቶ ይጠጣል፤ ቆሻሻውን ትቶ ይሄዳል።

ነዋሪውስ? በ1951 በጥንታዊቱ ከተማ ወደ 175,000 ሰው ይኖር ነበር። በ2022 ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። በሪያልቶ ድልድይ አቅራቢያ የሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ከ2008 ጀምሮ የቀረውን ነዋሪ ቁጥር በመስኮቱ ላይ ያሳያል። አላፊ አግዳሚው ቁጥሩ ሲቀንስ ያያል። በ2023 ደግሞ ለእንግዳ የተዘጋጀው አልጋ ከነዋሪው ቁጥር በለጠ።

ለምን ሄዱ? ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። የቤት ባለቤት ቤቱን ለጎረቤት ቢያከራይ በወር አንድ ኪራይ ያገኛል። ለጎብኚ በየቀኑ ቢያከራይ ግን ከዚያ በጣም የሚበልጥ ያገኛል። ስለዚህ ለነዋሪ የሚከራይ ቤት ጠፋ፤ የተገኘውም ተወደደ። ነዋሪው ሲቀንስ ዳቦ ቤቱ ተዘጋ፤ በቦታው ለጎብኚ የሚሸጥ ጭንብልና ጌጣ ጌጥ ተደረደረ። ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ የቀረው ነዋሪ ኑሮ ከበደውና ወደ የብስ ተሻገረ። እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

የጎብኚ ገንዘብ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ጀልባ ቀዛፊው፣ አስተናጋጁ፣ የመስታወት ሠራተኛው የሚበሉት በዚያ ነው። የጥንቱ ሕንፃ የሚታደሰውም በከፊል በዚያ ነው። ነገር ግን ዝናብ ለማሳ እንደሚያስፈልግ ሁሉ ከልኩ ሲያልፍ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል።

ከተማዋም ልክ ለማበጀት ሞክራለች። ከ2021 ጀምሮ ግዙፍ የመንገደኛ መርከቦች በማርቆስ አደባባይ ፊት እንዳያልፉ ተከለከለ። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ደግሞ ሳያድር የሚመለስ ጎብኚ በተመረጡ ቀኖች 5 ዩሮ የመግቢያ ክፍያ እንዲከፍል ተደረገ። በዚያ ዓመት 29 ቀን፣ በ2025 ደግሞ 54 ቀን ተከፍሏል፤ በ2025 ዘግይቶ የተመዘገበ ሰው 10 ዩሮ ከፍሏል። የሚበዙት ቀኖች የሳምንቱ መጨረሻ ናቸው። አንዳንድ ነዋሪዎች ይህን ደገፉ። ሌሎች ግን ተቃወሙ። «ከተማ በቲኬት የሚገባበት የትዕይንት ቦታ አይደለም፤ የሚያስፈልገን የምንኖርበት ቤት ነው» አሉ።

8. ምን ተማርን?

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይዘን ነበር። ከተማን ከተማ የሚያሰኘው ምንድን ነው ብለን ነበር። ቬኒስን ስንመለከት ችካሉን የመታው ሰው ነው፤ ጉድጓዱን የጠበቀው ሰው ነው፤ ደለሉን የጠረገው ሰው ነው፤ የወደቀውን ግንብ ያነሣው ሰው ነው። እንግዳ ያደንቃል እንጂ ቦይ አይጠርግም። በሚቀጥለው ክረምት የሚያፈሰውን ጣራ የሚደፍነው በዚያ የሚያድር ሰው ነው።

በአገራችንም ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን ለማየት ጎብኚ ይመጣል። ላሊበላ በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በ1978 ነው። ቬኒስ የገባችው በ1987 ነው። እንግዳን በደኅና መቀበል የቆየ ባህላችን ነው። እንግዳውም እግሩን ሲያነሣ የሰው ቤት መግባቱን ማስታወስ አለበት። ባለቤቱም ለእንግዳ ሲል ጎረቤቱን ከቤት እንዳያስወጣ መጠንቀቅ አለበት። እንግዳ የሚከበረው ባለቤት ባለበት ቤት ነውና።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. የቬኒስ ሰዎች በውኃ መካከል የሰፈሩት ለምንድን ነው?

ለ. የተቀበረው ችካል ቶሎ የማይበሰብሰው ለምንድን ነው? በአጥራችሁ ግንድ ላይ ያያችሁትን ተናገሩ።

ሐ. ቬኒሶች የዝናብ ውኃ ያጣሩበትን ዘዴ በመሬት ላይ ሥላችሁ አስረዱ። በሠፈራችሁ የጋራ ውኃ የሚጠብቀው ማን ነው?

መ. ፋብሪካዎቹ ከመሬት ውስጥ ውኃ ሲስቡ ምን ደረሰ?

ሠ. አንድ ሰው ቤቱን ለእንግዳ ቢያከራይ ይጠቀማል። ሁሉም ሰው እንዲሁ ቢያደርግ ግን ሠፈሩ ምን ይሆናል? ተነጋገሩበት።